የሚያስለው ኪቦርድ

ልደታ ውስጥ፣ ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሠርገኛ ባልተሰካ ኪቦርድ ሲጨፍር አይቻለሁ። የኪቦርዱ ገመድ ከነላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው። መብራት የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ከጠረጴዛ በምንም አይለይም። ሰዉ ግን ትከሻው እስኪወልቅ እስክስታ ይወርዳል፣ ሽማግሌው እንባውን ይጠርጋል፣ ሙሽሪት ጫማዋን አውልቃ ትዘላለች። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። እናቴ እንኳ አላመነችኝም፤ እሷ ደግሞ እኔ ያልኩትን ሁሉ ለማመን የተፈጠረች ሴት ነበረች።

ይሁን፣ እኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ አትመኑ።

መጀመሪያ እኔን እወቁኝ። ጌጃ ሰፈር ተወልጄ ያደግሁ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ኪቦርድ ሳይኖረኝ የአልጋችን ሳንቃ ላይ በከሰልና በኖራ ጥቁርና ነጭ ቁልፍ ሥዬ አንድ ዓመት ሙሉ ተለማምጃለሁ፤ ድምፁን የማወጣው በአፌ ነበር። የመጀመሪያውን እውነተኛ ኪቦርድ ስነካ የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ አፌን ሳልከፍት መጮሁ ነው። ዛሬ ከሜክሲኮ እስከ ጠመንጃ ያዥ ልጁን ድሮ እኔን ያልጠራ ሰው ካለ፣ ወይ ኪሱ ወይ ጆሮው ችግር አለበት።

ስለ ሙዚቀኛ አንድ ነገር ስሙ። ሙዚቀኛ ዕቃ የሚመርጠው በጆሮው አይደለም፣ በዓይኑ ነው። አንድ ስመ ጥር ተጫዋች ለበዓል ፕሮግራም ቴሌቪዥን ላይ በሆነ ብራንድ ታየ ማለት፣ በሳምንቱ የልደታ ኪቦርዲስት በሙሉ የራሱን ሊሸጥ ይሯሯጣል። ሰውዬው ኪቦርዱን በነፃ ይስጡት፣ ጭራሽ ይክፈሉት፣ ቤቱ ሲገባ በሌላ ይጫወት፣ የሚጠይቅ የለም። እኔ ይሄን ስለማውቅ አንድ ጊዜ ያረጀ ኪቦርዴ ላይ የነበረውን ስም በምላጭ ፍቄ፣ ስቲከር ቤት ሄጄ የታወቀውን ስም አስለጠፍኩበት። በማግስቱ ልምምድ ላይ የባንዳችን ሳክስፎን ተጫዋች ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና፣

«አየህ! ልዩነት አለው። ቤዙ ወፈረ» አለ።

ቤዙን ያወፈረው ስቲከሩ ነው። ሦስት ወር ሙሉ በአክብሮት ሲያየኝ ከረመ።

ከዚህ በሽታ ነፃ የሆነ አንድ ሰው ነበር የማውቀው። ጠመንጃ ያዥ ነው ቤቱ፤ የልጅነት ባልንጀራዬ ነው፤ በባንዱ ውስጥ ሁለተኛው ኪቦርድ እሱ ነበር። እኔ አንደኛው ነኝ እላለሁ፣ እሱ አይከራከርም። የሱ ኪቦርድ ያረጀ፣ አንድ ጥርሱ የተሰበረ፣ ስሙ በጥቁር ፕላስተር የተሸፈነ ነበር። ፕላስተሩን የለጠፉበት ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊቀረጽ የሄደ ጊዜ ነው፤ እዚያ ካምፓኒው በነፃ እንዳይተዋወቅ ብለው የሁሉንም ዕቃ ስም ይሸፍናሉ። እኛ ከስቱዲዮ እንደወጣን ስሙ እንዲታይልን በጥፍራችን ስንልጥ፣ እሱ እንደተሸፈነ ተወው። «የማን ሥራ ነው?» ሲሉት፣

«የአባቴ» ይላል።

ቀልዱን አልነበረም። አባቱ ማሲንቆ ተጫዋች ነበሩ። የታመሙ ጊዜ፣ እጃቸው ገና ደጋን መያዝ ሳያቅተው፣ ልጃቸው ክፍሉን በፍራሽና በብርድ ልብስ ደፍኖ፣ ማይክ ፊታቸው ተክሎ፣ እያንዳንዷን ድምፅ ለየብቻዋ አስገዘገዛቸው። አጭሯን፣ ረጅሟን፣ የምትንቀጠቀጠዋን፣ ተስባ የምትቀረዋን። ሁሉንም አንድ በአንድ ኪቦርዱ ሆድ ውስጥ ከተታቸው። ፍራሹን የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ይሄ ደግሞ ጉራ አይደለም። ከላይኞቹ ድምፆች አንዷ ላይ ሽማግሌው ከመሳባቸው በፊት ትንሽ ሳል አመለጠቻቸው።

«አባባ፣ እንድገማት?» አላቸው።

«ነገ» አሉት።

በማግስቱ እጃቸው አልነሳ አለ። በሳምንቱ ቀበርናቸው። ስለዚህ ያቺ ቁልፍ በተነካች ቁጥር መጀመሪያ «እህ» ትላለች፣ ከዚያ ማሲንቆው ይመጣል። ሌላ ሰው ቢሆን ሳሏን በኮምፒውተር ያስቆርጣት ነበር። እሱ አላስቆረጠም።

ያንን ድምፅ ለመግለጽ አልሞክርም። ይሄን ብቻ ልበል፦ እሱ ሲጫወት ሴቶች ከወንበራቸው ተነስተው ማሲንቆ ተጫዋቹ የት እንደተቀመጠ ይፈልጉ ነበር። እኔ ስጫወት የሚፈልገኝ አስተናጋጅ ነው፣ ሳህን ላንሳ ብሎ። ታዲያ ምን አደርጋለሁ? ማይኩን እይዝና፣

«የባልንጀራዬ ኪቦርድ ጉንፋን ይዞታል፤ እስቲ አንዳችሁ ዝንጅብል አምጡለት!» እላለሁ።

አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። እሱም ይስቃል። የአባቱ ቀብር ላይ ሬሳ የተሸከምኩ ሰው መሆኔን እኔም እሱም እናውቃለን፤ ሠርገኛው አያውቅም።

እንዲህ እያልን ስንኖር ሜክሲኮ አካባቢ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ አስመጪ ትልቅ ሱቅ ከፈተ። አዲስ ብራንድ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው። ሰውዬው አንድ የሠርግ ኪቦርዲስት መርጦ «አምባሳደር» ሊያደርግ ነው የሚል ወሬ ደረሰን። ፎቶው መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ ታክሲ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፣ ኪቦርድ በነፃ ይሰጠዋል። እኔ ሰምቼ አልተጣደፍኩም። ከኔ ሌላ ማንን ሊመርጥ? ልብስ ሰፊ ጋ ሄጄ ግራጫ ሱፍ ልብስ አሰፋሁ። መስታወት ፊት አገጬን በእጄ ይዤ ራቅ አድርጎ ማየት ተለማመድኩ። ሳክስፎን ተጫዋቹን «አምባሳደር ብለህ ጥራኝ፣ ጆሮዬ ይልመደው» አልኩት።

አስመጪው አንድ ሠርግ ላይ መጣና ከፊት ተቀመጠ። ጠና ያለ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሲጨብጣችሁ እጃችሁን ቶሎ የማይለቅ ሰው ነው። ስንጨርስ ወደ መድረክ ወጣ። ኮቴን አስተካከልኩ።

«ያ ማሲንቆ የማነው?» አለ።

«የሱ ነው፣ ጋሼ» አልኩ። ምን ልበል? ፊቴ ቆሞ!

እጄን ሳይጨብጥ አለፈኝና የሱን ያዘ። እስካሁን ያልለቀቀው ይመስለኛል።

ባልንጀራዬ በማግስቱ እኔ ጋ መጣ። ደስ ብሎታል፣ ደግሞም ፈርቷል። ቁጭ አለና፣

«ጋሼ የሌላ ካምፓኒ ዕቃ መድረክ ላይ ቀርቶ ቤትህ እንዳይታይ ብሎኛል። ውል ላይም ተጽፏል» አለኝ።

«ታዲያስ?»

«አሮጌውን ምን ላድርገው? የአባባን ድምፅ ፍላሽ ላይ ገልብጬዋለሁ። አዲሱ ይከፍተዋል ወይ? አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

አውቃለሁ። ከልደታ ሰው ሁሉ አስቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። የአንዱን ካምፓኒ ድምፅ የሌላው ኪቦርድ አይከፍትም። ራሴ ባለ ስቲከሩን ኪቦርድ የለወጥኩ ጊዜ የስንት ዓመት ሪትሜን ፍላሽ ይዤ ሄጄ፣ አዲሱ አላውቅህም ብሎኝ፣ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም። አውቄ ነው እንግዲህ እንዲህ ያልኩት፦

«ይከፍታል ወይ? ምን ነካህ ጀለሴ! ዘንድሮ ያልከፈተ መቼ ሊከፍት ነው? ፍላሽ ፍላሽ ነው!»

ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ሱፍ አየና እጅጌውን ዳሰሰ። ለፎቶ የሚለብሰው አልነበረውም። እኔ ደግሞ ለጋስ ሰው ነኝ።

«ውሰደው። አሮጌዋን ለኔ ጣልልኝ፣ ተያይዘን እንወጣለን» አልኩት።

እንዲህ ነው የተለዋወጥነው። አንድ ሱፍ ልብስ በአንድ ሰው አባት። ትከሻው ትንሽ ሰፋው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሜክሲኮ፣ ባቡሩ የሚቆምበት ፊት ለፊት፣ ሱቁ መስታወት ላይ ሁለት ሰው አክሎ ተለጠፈ፤ በኔ ሱፍ፣ አገጩን በእጁ ይዞ፣ ራቅ አድርጎ እያየ። ከአንገት በታች እኔ ነኝ እያልኩ ለሰው አስጎበኝ ነበር።

አሁን የኛን አሠራር ካላወቃችሁ ቀጥሎ የሆነው አይገባችሁም። እኛ ራሳችንን ያስተማርን ተጫዋቾች ስክሪን ላይ የተጻፈውን አናነብም። ቁልፍ የምናውቀው በቦታው ነው። ሦስት ጊዜ ወደ ታች፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ዳር ያለችውን ተጫን። እንዲህ ነው ያጠናነው፣ እንዲህ ነው ለሌላ የምናስጠናው። በሱ አሮጌ ኪቦርድ ላይ በስተቀኝ ዳር ያለችው ቁልፍ ፍላሽ ትከፍታለች። በአዲሱ ላይ በስተቀኝ ዳር ያለችው ቁልፍ፣ የማያውቀው ፍላሽ ሲገባበት፣ ፍላሹን ሙልጭ አድርጋ ታጸዳለች። እሱ ደግሞ ጣቱ እንደለመደው ሄደ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሮጦ መጣ። ሱፉን እንደለበሰ ነው፤ ፎቶ ሊጨምሩ ጠርተውት ነበር። ፍላሹን በሁለት እጁ እንደ ቆሰለ ወፍ ይዞታል።

«ባዶ ሆነ» አለኝ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። አባባ።»

ሳቅሁ። ደንግጬ የሳቅሁ እንዳይመስላችሁ፤ ዝም ብዬ ነው የሳቅሁት። በሱፍ ልብስ የሚያለቅስ ሰው ፎቶው ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም ነበር።

«ስማ፣ እባክህ» አለ፣ «አሮጌው ሆድ ውስጥ አለ። ዐሥር ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጬ እሄዳለሁ። ኪቦርዱን አልፈልግም። ዐሥር ደቂቃ።»

ኪቦርዱ አልጋዬ ሥር ነበር። የተቀመጥነው አልጋው ላይ ነው። ማለትም አባቱ ላይ ነው የተቀመጥነው ማለት ይቻላል።

«አምባሳደር ሆነህ የሌላ ካምፓኒ ዕቃ ልትነካ? ውል አለብህ እኮ!» አልኩት።

«አትቀልድ።»

«እኔ ካልቀለድኩ ማን ይቀልዳል?»

ዐሥር ደቂቃዋን አልሰጠሁትም። ያን ቀንም፣ በነጋታውም፣ በሳምንቱም። ሲመጣ «ዛሬ መብራት የለም» እለዋለሁ፣ አምፖሉ አናቴ ላይ እየበራ። አንዴ ከበር ውጭ አስቁሜው የአባቱን ማሲንቆ አሰማሁት። ዐሥር ደቂቃ ሙሉ። «ይኸው ሰጠሁህ» አልኩት።

ለምን? ቀንቼ ነዋ። ሌላ ምክንያት ብፈልግ ሳላገኝ ቀረሁ፣ ለመፈለግም ብዙ አልደከምኩ።

ከዚያ አስመጪው ልጁን ዳረ። ሠርጉ እዚሁ ልደታ፣ ምሳ ላይ ነው፣ ትልቅ አዳራሽ። ባንዱ እኛ ነን፣ መሀል ላይ የሚቆመው አምባሳደሩ ነው። ጋሼም አንድ ትዕዛዝ ብቻ ሰጠው፦ «ያንን ማሲንቆ። እንግዶቼ በኔ ኪቦርድ ያንን ማሲንቆ ይስሙ።»

አዲሱ ኪቦርድ የራሱ ማሲንቆ አለው፤ ፋብሪካው የጨመረለት። ወባ የያዛት ትንኝ ነው የሚመስለው። ባልንጀራዬ ሦስት ቀን ሲያቃናው ሰነበተና አራተኛው ቀን ላይ ደጄ ቆመ። ደጄ ላይ ሊንበረከክ ምንም አልቀረውም። እዚህ ላይ ነው እኔ ጎበዝነቴን ያሳየሁት።

«መላ አለኝ» አልኩት። «አንተ ፊት፣ እኔ ጀርባ። ከዲኮሩ መጋረጃ ጀርባ አሮጌዋን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ገመዱን ሚክሰሩ ላይ እሰካለሁ። አንተ አዲሱ ላይ ጣትህን አንቀሳቅስ። እኔ እጫወታለሁ፣ ለአንተ ይጨበጨብልሃል።»

«ከዚያስ?»

«ሠርጉ እንዳለቀ ዐሥር ደቂቃህን ትወስዳለህ። በአባቴ አጥንት።»

«በአባትህ አትማል» አለኝ። ተስማማ ግን።

ቅዳሜ ደረሰ። መጋረጃው ነጭ ሳቲን ነው፣ የላስቲክ አበባ ተሰክቶበታል፤ በስንጥቁ አዳራሹ ይታየኛል። ባልንጀራዬ በኔ ሱፍ፣ ያልተሰካ ኪቦርድ ፊት ቆሟል። የብራንዱ ስም ከበሮ ላይ፣ ስፒከር ላይ፣ የኬክ ጠረጴዛው ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ሙሽሮች ገቡ፣ ምሳ ተበላ፣ ጭፈራ ተጀመረ። ማሲንቆውን ለቀቅሁት።

እውነቱን ልናገር፦ እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም። አላበኝ። ትዝታ አደረግሁት፣ ባቲ አደረግሁት፣ አዳራሹ ተነሳ። ባልንጀራዬም ጣቶቹ ከኔ ጋር እኩል ይሄዳሉ፤ አባቱ እንዴት እንደሚተነፍሱ ስለሚያውቅ ወዴት እንደምሄድ ቀድሞኝ ያውቃል። አንድ ሽማግሌ መሀረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ጋሼ ማይኩን ያዘ።

«እያያችሁ ነው? ይሄ ሰው ሠራሽ ይመስላል? ይሄ የኛ ኪቦርድ ነው! ይሄ ድምፅ ከኛ ሱቅ በቀር የትም የለም!»

ጭብጨባ። አምባሳደሩ እጅ ነሳ። እኔ ከሳቲን ጀርባ፣ የወንበር ልብስ የታጨቀበት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬ ላይ የላስቲክ አበባ። በዚያች ደቂቃ እጄን አየሁት። የማነው ይሄ እጅ? አልኩ።

ቀጣዩን ዜማ ጀመርኩ። ቀስ ያለ ነው፤ ሰዉ ቁጭ ብሎ እንዲሰማ። ወደ ላይ ወጣሁ፣ ወጣሁና ያቺ ቁልፍ ጋ ስደርስ ተጫንኳት።

«እህ።»

እጄን አነሳሁ።

ማሲንቆው አልመጣም። ሳሏ ብቻ፣ በዚያ ሁሉ ስፒከር፣ የቤት ያህል ገዝፋ አዳራሹን ሞላችው። ከበሮ መቺው እንኳ ቆመ። ባልንጀራዬ ግን ጣቶቹ መሄዳቸውን አላቆሙም፤ በሞተው ኪቦርድ ላይ ዜማውን ይጨርሰዋል። ቪዲዮ አንሺው ተጠግቶ ጣቶቹን ያነሳል። ዜማው ያለቀበት ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እኔ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ፣ እዚያ ላይ እጁን አነሳ። አንዲት ድምፅ አልዘለለም።

መጋረጃውን ገለጥኩት።

«አቤት! ጠርታችሁኛል?» አልኩ።

አዳራሹ የሳቀው ሳቅ! ሚዜዎቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። ሙሽሪት ሜካፗ ፈሰሰ። ስልኩን ያላወጣ ሰው አልነበረም። ከኔ የቀልድ ዘመን ሁሉ ያ ሳቅ ይበልጣል፤ እስከዛሬ የሚወዳደረው አላገኘሁም። ባልንጀራዬ ዞሮ አላየኝም። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ፣ ከመድረክ ወረደ፣ በወንበሮቹ መሀል አልፎ ወጣ። ዐሥር ደቂቃውን ሳይጠይቀኝ።

ሰኞ ፎቶው ከመስታወቱ ተላጠ። ታክሲዎቹ ጀርባ ላይ ያለውን ማን ይልጠው፤ ፊቱ ላይ ጭቃ እየለጠፈ ከተማውን ይዞር ነበር።

በሳምንቱ ጋሼ ጠራኝ። ልከሰስ ነው ብዬ ተጨንቄ ሄድኩ። እጄን ያዘ፣ አልለቀቀም።

«ቪዲዮው ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ታውቃለህ? ሱቁ በር ላይ መጥተው እያሳሉ ይሄዳሉ» አለኝ።

«ይቅርታ ጋሼ።»

«ይቅርታህን ምን ልሸጠው? ነጋዴ ቂም ከያዘ ዕቃ የሚይዝበት ቦታ ያጣል። ውጭ ሆነህ ከምታሾፍብኝ ውስጥ ሆነህ ሳቅልኝ። አምባሳደርነቱ ያንተ ነው።»

ፈረምኩ። ሳላነብ ፈረምኩ፣ እንደ ልማዳችን፣ በስተቀኝ ዳር። ያነበበልኝ እሱ ነው፦ የሌላ ካምፓኒ ዕቃ መድረክ ላይ ቀርቶ ቤትህ እንዳይታይ።

እንግዲህ አሮጌው ኪቦርድ መውጣት ነበረበት። ልሸጠው ብችልም፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ አዲስ ፍላሽ ገዝቼ ኪሴ ከትቼ፣ ተሸክሜ ጠመንጃ ያዥ ወረድኩ። ገንዘብ አልጠይቀውም፣ ስጦታ ነው። ደስ ብሎት ሲያቅፈኝ ምን ቀልድ እንደምጥል መንገድ ላይ ሳዘጋጅ ነበር።

በሩን ከፈተ። «ግባ» አለኝ።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሀሉን መጋረጃ ይከፍለዋል። ከመጋረጃው ወዲያ እናቱ ተኝተዋል፣ ከአልጋ ከወረዱ ቆይተዋል። ኪቦርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ ፍላሹን አናቱ ላይ።

«ይኸው። ዐሥር ደቂቃ አይደለም፣ ዕድሜ ልክህን» አልኩት።

ሰካው። እስኪነሳ ቆመን ጠበቅን። ማሲንቆውን ከፈተና በአንድ እጁ፣ ቀስ ብሎ፣ የሠርጉን ዜማ ጀመረ። ወደ ላይ ወጣ። ያቺ ቁልፍ ጋ ደረሰ።

«እህ።»

ከመጋረጃው ወዲያ አልጋው ተንቋቋ።

«ማነው ያሳለው?» አሉ እናቱ። «ውሃ ስጡት እንጂ! አንተ ልጅ፣ ውሃ ስጠው!»

«እሺ እማማ» አለ።

ከኪቦርዱ ላይ እጁን አነሳና ለመጀመሪያ ጊዜ አየኝ።

«አዲሱ ፍላሹን እንደማይከፍት ታውቅ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ እናንተም እስካሁን እንዳያችሁት ይሆንልኛል። ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣

«አውቅ ነበር» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፣ ሰዓት ጠይቆ እንደተነገረው ሰው።

«አባቴን ታሞ አሠራሁት» አለ። «እሱ በኔ ይቅር። አንተ ደግሞ ሞቶ አሠራኸው። እያሳለ። ይበቃዋል።»

ፍላሹን አንስቶ እጄ ላይ መለሰልኝ። ከዚያ ጣቱ ስክሪኑ ሥር ሄደ። ሦስት ጊዜ ወደ ታች። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ ከሱ ጣት እኩል ነው፤ የማጥፊያውን መንገድ እኔም በቦታው አውቀዋለሁ።

«አንተ! ምን እያደረግህ ነው? ሌላ ቦታ የለም እኮ! አልገለበጥኩትም!»

«አውቃለሁ» አለ። በስተግራ ዳር ያለችውን ተጫናት።

ስክሪኑ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። ያቺን ቁልፍ ነካት። «ቲን» አለች፣ እንደማንኛውም ኪቦርድ ፒያኖ።

እንግዲህ እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሰው የሆነ ዝም ይላል። እኔ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

«ጉንፋኑ ለቀቀው» አልኩ።

«አዎ» አለ። «ለቀቀው።»

ግድግዳው ላይ ሱፉ ተሰቅሏል፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል። አውርዶ ክንዴ ላይ አጠፈልኝ።

«ለፎቶው ያስፈልግሃል» አለኝ። ስወጣ እናቱ «ውሃውን ሰጣችሁት?» ሲሉ ይሰማኛል።

ትከሻው ልክ ነው የሆነልኝ፤ ለኔ የተሰፋ ነዋ። አሁን ሜክሲኮ መስታወቱ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ አገጬን በእጄ ይዤ። ቆንጆ ወጥቻለሁ። በአዲሱ ኪቦርድ ማሲንቆ ግን አልጫወትም፤ ትንኟን ማን ይሰማል። መድረክ በወጣሁ ቁጥር ደግሞ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «እህ!» ይላል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። አብሬ እስቃለሁ። ቀልዱ የኔ ነውና።

እሱ አሁን ለጠራው ባንድ ሁሉ ይሄዳል፣ በተገኘው ኪቦርድ፣ የማን ይሁን የማን ስሙን ሳያይ። የሚነካው ፒያኖውን ብቻ ነው። ሠርግ በፒያኖ! ልደታ ውስጥ! ልስቅ ሄጄ አንዱ ላይ ከበር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ሰዉ ይጨፍራል። ሴቶቹ ከወንበራቸው ተነስተው ወደ መድረኩ ያያሉ፣ የሆነ ሰው የት እንደተቀመጠ እንደሚፈልጉ። እኔም ፈለግሁ። ማንም የለም።

አላመናችሁም አይደል? ይኸው፣ ቪዲዮ አንሺው ጌጃ ሰፈር ነው ያለው፣ ጣቶቹን ያነሳበትን ያሳያችኋል፤ ጠይቁት። ጋሼን ጠይቁት፤ እጃችሁን ሲይዝ ግን ተጠንቀቁ። ሳክስፎን ተጫዋቹን ጠይቁት። ከሁሉም ደፋር ከሆናችሁ ጠመንጃ ያዥ ውረዱና ራሱን ጠይቁት። እናቱ ከመጋረጃው ወዲያ ስላሉ ብቻ፣ በሩ ላይ ስትደርሱ እንዳታስሉ። ካሳላችሁ ውሃ እስክትጠጡ አይለቁዋችሁም፤ እኔ ሌላ ጊዜ ሄጄ ሁለት ብርጭቆ ጠጥቼ ነው የወጣሁት።